ከዝሆኑ በፊት ዛፉን መምረጥ

በዚምባብዌ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በዛምቤዚ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ በተንጣለለው የማና ፑልስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በእግሬ እየተጓዝኩ ዝሆኖችን ፎቶግራፍ ሳነሳ ስድስት ቀናት ቆይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሥራ ማታ ድንኳኔ ውስጥ ሆኜ ስመለከተው ግን ደስ አላለኝም። ዝሆኖቹ በጥራት ወጥተዋል፤ የቆዳቸው እጥፋት፣ የሽፋሽፍታቸው ርዝመት፣ በጥርሳቸው ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ነገር ግን ከመኪና መስኮትም ሆነ ከአጥር ማዶ ሊነሱ የሚችሉ ምስሎች ነበሩ። ከንጋት እስከ ረፋድ ስዞርበት የዋልኩት ደን በአንዱም ውስጥ አልነበረም።

ከሦስት መቶ ከሚበልጡት ምስሎች መካከል ዓይኔን የያዘው አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ያነሳሁት ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን ረጅሙን ሌንስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ድንኳኖቻችን ስንመለስ፣ ሰፊ ቦታ በሚያሳየው በአጭሩ ሌንስ ነው። አንድ ግዙፍ የገርቢ ዛፍ ቅርንጫፎቹን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቷል፤ ዝሆኑ ከግንዱ ሥር፣ የምስሉን አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ቦታ ይዞ፣ ኩምቢውን ወደ ላይ አንስቶ ቆሟል። በምስሉ ውስጥ ማነሱ ግዝፈቱን አልቀነሰበትም። የሚያየው ሰው በመጀመሪያ ዝሆኑን ያገኝና፣ የዝሆንን መጠን ስለሚያውቅ፣ በእሱ እየለካ ዓይኑን ወደ ዛፉ ጫፍ ያወጣል፤ ዛፉ የዝሆኑን ስድስትና ሰባት እጥፍ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ ተመልሶ ዝሆኑን በሌላ ዓይን ያየዋል። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የሥራዬን ቅደም ተከተል ገለበጥኩት። መጀመሪያ ዛፉን እመርጣለሁ፣ ከዚያ ዝሆኑ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

ቦታው ለዚህ ዓይነት ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። «ማና» በሾና ቋንቋ አራት ማለት ሲሆን፣ ስሙ ወንዙ ድሮ ይፈስባቸው በነበሩ መስመሮች ላይ የቀሩትን አራት ኩሬዎች ያመለክታል። ዛምቤዚ በዘመናት ሂደት ወደ ሰሜን እየሸሸ ሲሄድ ከኋላው በደለል የተሞሉ ሰፋፊ ሜዳዎችን ትቷል፤ ፓርኩን በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ ያስጠራው የገርቢ ደንም የበቀለው በእነዚሁ ሜዳዎች ላይ ነው። ፓርኩ ከአጎራባቾቹ ከሳፒና ከቸዎሬ የሳፋሪ ክልሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው አሥርት ዓመት መጀመሪያ ላይ ከፓርኩ በታች በሚገኘው የሙፓታ ሸለቆ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ግድብ ሊሠራ ታስቦ የነበረ ሲሆን፣ ዕቅዱ ባይቀር ኖሮ እኔ የሄድኩባቸው ሜዳዎች በውኃ ይዋጡ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ በዚያ ጥላ ሥር በሄድኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ስለ ገርቢ ጥቂት ልበል፤ ፎቶግራፉ ሁሉ የቆመው በእሱ ጠባይ ላይ ነውና። ሳይንሳዊ ስሙ ፋይድሄርቢያ አልቢዳ ሲሆን፣ ሲያረጅ እስከ 30 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከሌሎች ዛፎች የሚለየው የወቅቶችን ሥርዓት በመገልበጡ ነው፤ በዝናብ ወራት ቅጠሉን ያራግፍና በበጋው፣ አካባቢው ሁሉ ደርቆ በሚገረጣበት ጊዜ፣ አረንጓዴ ለብሶ ይቆማል። ፍሬው የሚበስለውና የሚረግፈውም በዚሁ ደረቅ ወቅት ማብቂያ ላይ ነው። ብርቱካንማ ቡናማ፣ እንደ ተላጠ ልጣጭ በራሱ ላይ የተጠቀለለ፣ ሲረገጥ የሚንኮሻኮሽ ፍሬ ነው። ሣሩ ባለቀበት፣ ኩሬዎቹ በሸሹበት በመስከረምና በጥቅምት ዝሆኖች ከሩቅ ተነስተው ወደዚህ ደን የሚመጡት ይህን ፍለጋ ነው። የበሉት ፍሬ ዘር ብዙው ሳይፈጭ ከፋንድያቸው ጋር ስለሚወጣ ዛፉም ከእነሱ የሚያተርፈው ነገር አለው።

ለካሜራ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የገርቢ ጥላ ስስ ነው፤ ፀሐይ በቅጠሎቹ መካከል ተንጠባጥባ መሬት ትደርሳለች። ዝሆንና አጋዘን መሰሉ ኢምፓላ ዓመቱን ሙሉ ስለሚግጡት ከሥሩ ቁጥቋጦ አይበዛም፣ ዝሆን ሊደርስበት ከሚችለው ከፍታ በታች ያለው ቅርንጫፍም ሁሉ ተቀጥፏል። ከዚህ የተነሳ ደኑ ከታች ክፍት ነው፤ ግንዶቹ እንደ ትልቅ አዳራሽ ምሰሶዎች ተራርቀው ስለሚቆሙ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ የሚመጣን ዝሆን በመካከላቸው አሻግሮ ማየት ይቻላል። በዚህ ደን ውስጥ ግን ችግኝ ብርቅ መሆኑ ያሳስባል። ከፓርኩ በላይ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለው የካሪባ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተገነባ ወዲህ የወንዙ ሙላት እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ሙላት ሲያንስ ለአዲስ ችግኝ የሚሆነው ትኩስ ደለል ያንሳል፣ የበቀለውንም አንድ ክንድ ሳይሞላ እንስሳቱ ይቀጥፉታል። ብዙዎቹ የመረጥኳቸው ዛፎች ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱን በመጨረሻው ቀን ወድቆ አገኘሁት፣ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም ነበር።

ዛፍ የምመርጠው በመልኩ ብቻ አይደለም። መልኩማ ቢያምር ዝሆን የማይሄድበት ዛፍ ሥር ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ምን ይጠቅማል? በመጀመሪያ መሬቱን አያለሁ፤ ያልተለቀመ ትኩስ ፍሬ መኖሩን፣ ፋንድያው እርጥብ መሆኑን፣ ወደ ዛፉ የሚያመጣው የእግር መንገድ የትኛው እንደሆነ እመለከታለሁ። ቀጥሎ ነፋሱን አያለሁ፤ ይህን በተመለከተ ግን ቃሉ የእኔ ሳይሆን በእግር ጉዞው ከፊት የሚመሩን የመሪያችን ነበር። በኪሳቸው አመድ የተቋጠረባት ትንሽ ጨርቅ አለች። በየጥቂቱ ደቂቃ መታ ያደርጓትና የሚቦነውን አመድ አቅጣጫ ይከታተላሉ፤ አመዱ ወደ ዛፉ ከሄደ ዛፉ የቱንም ያህል ቢያምር ትተነው እንሄዳለን። ዝሆን በዓይኑ ያን ያህል አይደለም፤ ማሽተቱ ግን ከእንስሳት ሁሉ ከሚደነቁት ነው። ሽታችን ከደረሰው የምናነሳው ዝሆን ፍሬ የሚለቅመው ዝሆን አይደለም፤ እኛን የሚፈልግ ዝሆን ነው። በመጨረሻ የምንቀመጥበትን ቦታ እንመርጣለን። ጀርባችንን የሚሸፍን ወይም ከፊታችን የሚቆም ኩይሳ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል፣ ወድቆ የደረቀ ግንድም ያገለግላል።

በእግር መሄድ ማለት ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው። መሪያችን ጠመንጃቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፣ እኛ በአንድ መስመር እንከተላለን፤ ቆሙ ሲሉ እንቆማለን፣ ከቦታችን ንቅንቅ አንልም። ብርቱካንና መሰል ፍራፍሬ ወደ ፓርኩ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፤ ዝሆኖች ሽታውን ተከትለው ድንኳንና መኪና የሰበሩበት ጊዜ አለና። ስለ ዝሆኑ ጠባይ ደግሞ መሪያችን በመጀመሪያው ጠዋት ያስተማሩን እስከ መጨረሻው አገልግሎናል። ዝሆን ጆሮውን በቀስታ እያራገበ፣ ጭራውን እያወዛወዘ ከበላ ተረጋግቷል። የኩምቢውን ጫፍ እንደ ጥያቄ ምልክት አጥፎ ወደ እኛ ካቀና እያሸተተን ነው። አንድ እግሩን አንስቶ ወደፊትና ወደኋላ ማወዛወዝ ከጀመረ ምን እንደሚያደርግ እያመነታ ነው፤ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ጆሮውን ከዘረጋ ማስጠንቀቁ ነው። ከዓይኑና ከጆሮው መካከል ባለው ዕጢ በኩል ጥቁር ፈሳሽ በጉንጩ ላይ የሚወርድ፣ የኋላ እግሮቹም በሽንት የራሱ ወንድ ካየን ደግሞ የመራቢያ ትኩሳት ላይ ያለ ነውና ከመጀመሪያውኑ አቅጣጫ እንቀይራለን።

እዚህ ላይ አንድ የማምንበትን ነገር በግልጽ ልናገር። ጆሮውን ዘርግቶ፣ አቧራ እያስነሳ፣ ወደ ካሜራው የሚመጣ ዝሆን የሚታይበት ምስል ብዙ ጊዜ ይደነቃል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ምስል ሳይ የማየው የፎቶግራፍ አንሺውን ስህተት ነው። ሰውየው ወይ ከልክ በላይ ቀርቧል፣ ወይ ነፋሱን አልጠበቀም፣ ወይ የዝሆኑን መንገድ ዘግቷል። በደረቅ ወቅት ምግብ ባነሰበት፣ ሙቀቱ በጥቅምት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር አንድን እንስሳ ከጥላው ማስነሳት ቀላል ጉዳት አይደለም። የአፍሪካ ሳቫና ዝሆን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋ በተጋረጠባቸው ዝርያዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ልናነሳው የሄድነው ፍጡር ከእኛ የተነሳ አንድ እርምጃ እንኳ አቅጣጫውን ሳይቀይር ከተመለስን ያ ጠዋት የተሳካ ነው፤ ምስሉም የተሻለ ይሆናል፣ ምክንያቱም ዝሆኑና ዛፉ እርስ በርስ እንጂ ከእኛ ጋር ጉዳይ የላቸውም።

ወደ ብርሃኑ ልመለስ። በማና ፑልስ የጠዋቱ ብርሃን ሰማያዊ ነው። የበጋው አቧራና ጭስ ከወንዙ ማዶ ያሉትን የዛምቢያ ተራሮች ሸፍኖ በግንዶቹ መካከል ይንሳፈፋል፤ ዝሆን በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ግራጫው ቆዳው ከሰማያዊው ጋር ይዋሃዳል፣ ከኋላው የሚመጣው ፀሐይ ደግሞ የጀርባውን ጠርዝና እግሩ የሚያስነሳውን አቧራ ወርቃማ ያደርገዋል። ካሜራው ቀለሙን በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ ይህን ሰማያዊ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ የቀለም ሚዛኑን በቀን ብርሃን ልክ፣ የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን 5200 አካባቢ፣ አስሬ ተውኩት። የብርሃን መጠኑም እንዲሁ ያስቸግራል። ጥቁር አካል በደማቅ ዳራ ፊት ሲቆም ካሜራው ዳራውን አይቶ ዝሆኑን ያጨልመዋል፤ በሌላ በኩል ዝሆኑን ለማብራት ብዙ ብርሃን ካስገባን የጥላው ቀዳዳዎች ሁሉ ነጭ ይሆናሉ። እኔ በደማቆቹ ቀዳዳዎች አዳላለሁ። ከጠፉ አይመለሱምና እነሱን ጠብቄ፣ ካሜራው ያየውን ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው «ሮ» (RAW) በተባለ የፋይል ዓይነት አነሳለሁ፣ የዝሆኑን ጥላ በኋላ በትንሹ አወጣዋለሁ፤ ትንሽ ጨለማ ቢቀርበትም አይጎዳውም።

ዛፉ የምስሉ ግማሽ ከሆነ ዳራውን ማደብዘዝ አያስፈልግም። በለመድኩት ሰፊ አፐርቸር፣ ማለትም በሰፊ የሌንስ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ማንሳቴን ትቼ ጠበብ ወዳለው ኤፍ 8 ወረድኩ፣ የዛፉ ቅርፊት እንደ ዝሆኑ ቆዳ ተሰነጣጥቆ እንዲታይ። ሁለቱ ገጽታዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ እንዴት እንደሚመሳሰሉ ያየሁት ያኔ ነው። ይህ የሻተሩን፣ የካሜራውን መዝጊያ፣ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በንጋት ብርሃን 1/250 ሰከንድ ለማግኘት ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን አይ.ኤስ.ኦ ወደ 1600 ማውጣት ነበረብኝ፣ ዝሆን ግን ሲበላ ዝግ ያለ ነውና በቂ ሆነ። ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ (ትሪፖድ) አልያዝኩም፤ ክርኖቼን ጉልበቶቼ ላይ አስደግፌ መሬት ተቀምጬ ነው የማነሳው። መቀመጡ ለሌላም ይረዳል። ከዝቅተኛ ቦታ ሲታይ የዝሆኑ ሆድ ከአድማሱ በላይ ይሆናል፣ በእግሮቹ መካከል ብርሃን ይገባል፣ ከላዩ ያለው ቅርንጫፍም ሙሉ በሙሉ ወደ ምስሉ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን የግንዶቹ ብዛት ነበር። የዝሆኑ ጭንቅላት ከኋላው ካለው ጥቁር ግንድ ጋር ከተጣበቀ ኩምቢውም ጥርሱም ይጠፋል፤ ስለዚህ ዝሆኑ በሁለት ግንዶች መካከል ያለችውን ብሩህ ክፍተት እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ፣ ሲደርስም አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ መጫን እንጂ በተከታታይ መተኮስ አልረዳኝም።

በፓርኩ ውስጥ ጥቂት ወንድ ዝሆኖች በኋላ እግሮቻቸው ቆመው ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ይደርሳሉ፤ ከሁሉ የታወቀው ቦስዌል የሚባለው ነው። እሱን አላየሁትም። ሌላ ወንድ ግን በአራተኛው ቀን ሲቆም አይቻለሁ። ዛፉን ዞር ዞር እያለ ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ተመለከተ፣ የኋላ እግሮቹን አጠጋጋ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ክብደት ያለ ምንም ጥድፊያ ወደ ኋላ አሳልፎ የፊት እግሮቹን ከመሬት አነሳ። በአየር ላይ የቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። ቅርንጫፉ ተሰብሮ ሲወድቅ ከኋላው ይከተሉት የነበሩ ሁለት ወጣቶች መጥተው ከትርፉ ተካፈሉ። ያነሳሁትን ሳየው ዝሆኑ ሙሉ ነው፣ የኩምቢው ጫፍ የያዘው ቅርንጫፍ ግን ከምስሉ ውጭ ተቆርጧል፤ ሰው ሁሉ ዝሆኑ ለምን እንደቆመ ሊያይ የሚችልበትን ነገር ነው ያጣሁት። ዛፉን አስቀድሜ ብመርጥም በመጨረሻዋ ሰከንድ ዓይኔ ወደ ዝሆኑ ብቻ ሄዷል። በሚቀጥለው ቀን ካሜራውን ወደ ቁም አዙሬ ከላይ ሰፊ ቦታ ትቼ ጠበቅሁ፣ ያ ዝሆን ግን አልተመለሰም።

የመጨረሻው ጠዋት ከሁሉ ይበልጥብኛል። ከአንድ አሮጌ ገርቢ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቀን በኩይሳ ሥር ተቀምጠን ሳለ አንድ ብቸኛ ወንድ ከወንዙ በኩል መጣ። እርምጃው አይሰማም፤ ከእግሩ መዳፍ በታች ያለው የስብ ትራስ ድምፁን ስለሚውጠው የምንሰማው የፍሬውን መንኮሻኮሽ ብቻ ነበር። ግንባሩን ግንዱ ላይ አስደግፎ ሁለት ጊዜ ገፋው፣ ዛፉ ከሥር እስከ ጫፍ ተንቀጠቀጠና ፍሬው እንደ በረዶ ወረደ። በላዩ ላይ የወደቀውን አላራገፈም። ከዚያ መልቀም ጀመረ፤ በኩምቢው ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ጣት መሳይ ከንፈሮች አንዲቱን ፍሬ ከአቧራው ለይተው ያነሷታል፣ ጥቂት ሲጠራቀሙ ወደ አፉ ይልካቸዋል። እየለቀመ ወደ እኛ ቀረበ። ሃያ ሜትር ሲደርስ ረጅሙ ሌንስ የማይጠቅም ሆነ፣ አሥራ አምስት ሲሆን መሪያችን መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው ዝም እንድንል ምልክት ሰጡን። ድምፅ አልባውን ሻተር አብርቼ በአጭሩ ሌንስ አራት ጊዜ ብቻ አነሳሁ። ትንፋሹ አቧራውን ሲገፋው ይታየኝ ነበር፤ ከሆዱ የሚወጣው ጥልቅ ጉርምርምታ ከጆሮዬ ይልቅ በደረቴ የሚሰማኝ መሰለኝ። ከዚያ ፍሬው ስላለቀበት ይመስለኛል ዞሮ ወደ ዛፉ ተመለሰ፣ ትከሻውን ግንዱ ላይ ሽቅብና ቁልቁል አሸ፣ በግንዶቹ መካከል ወደ ሰማያዊው ገባና ተሰወረ።

መሪያችን አመዳቸውን መታ አድርገው ነፋሱን ካረጋገጡ በኋላ ወደ ዛፉ እንድንጠጋ ፈቀዱልን። ወንዙ ውስጥ ሲንከባለል የቀባው ጭቃ በቅርፊቱ ላይ ተለጥፎ ገና እርጥብ ነበር፣ በመካከሉም አንድ ጠንካራ ጥቁር ፀጉር ተጣብቋል። መሪያችን ረጅም ሰው ናቸው፤ ከግንዱ አጠገብ ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ ቢዘረጉም የጭቃው የላይኛው ጠርዝ ከጣታቸው ጫፍ ያልፍ ነበር። እጃቸው እንደተዘረጋ እንዲቆዩልኝ ለመንኳቸውና አጭሩን ሌንስ ወደ ቁም አዙሬ፣ ከላይ ለቅርንጫፎቹ ቦታ ትቼ፣ ዝሆን የሌለበትን ያን ዛፍ አነሳሁት።